ጋሽ ሸጋው እንደተረጎሙት

መቱ ውስጥ ስለ ጠፈር ፊልም ክርክር ከተነሳ ጉርሙ ኢቲቻን የሚረታው የለም፤ እሱም ይህንን አሳምሮ ያውቃል። ሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ ያስተምራል። ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ቀጭን፣ አንገተ ረጅም፣ ሲከራከር ጣቱን እንደ ጠመኔ የሚያነሳ ሰው ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጓደኛው ደበሳ ቴሌቪዥንና ሬዲዮ በሚጠግንባት ጠባብ ሱቅ ውስጥ፣ ከደበሳና ነፃነት ከምትባል የጤና ጣቢያ ነርስ ጋር ሆኖ ፊልም ያያል። ያያል ማለትም ያስቸግራል። የአንድ ሰዓት ተኩሉ ፊልም አንዳንዴ ሦስት ሰዓት ይፈጅባቸዋል፤ ሦስቱም ደማቸውን የሚያፈላ የየራሳቸው ነገር አላቸውና።

ጉርሙ ጠፈር ላይ የፈነዳ መርከብ ድምፅ ካሰማ አይምርም። «አቁመው!» ይላል። ደበሳ ያቆመዋል። «አየር በሌለበት ድምፁ በምን ተሳፍሮ መጣ?» ብሎ ሁለቱን እንደ ተማሪ ያፋጥጣቸዋል። ደበሳን የሚያናድደው ሌላ ነው። አንድ ጊዜ የፊልሙ መሐንዲስ የተበላሸ ማሽን በጥፊ መትቶ ሲያስነሳ አይቶ፣ ሙያውን የሰደቡበት ያህል ከወንበሩ ብድግ አለ። ነፃነት ግን ዝም አላለችውም፤ «አንተስ የእናቴን ቴሌቪዥን በምን ነበር ያስነሳኸው?» አለችው። በቡጢ ነበር፤ ደበሳ ተመልሶ ተቀመጠ። እሷ ደግሞ ሆዱ የተቀደደ ሰው ሰማያዊ መብራት በርቶበት በሁለት ደቂቃ ተነስቶ ሲሮጥ ስታይ፣ «እስቲ ያንን መብራት ለኛ ጤና ጣቢያ ለአንድ ቀን ያውሱን» ትላለች።

ማርስ ላይ ሰዎች ሰፍረው ቡና ሲተክሉ በሚያሳይ ፊልም ላይ አንድ ቅዳሜ በሙሉ በጭቅጭቅ አልቋል። ጉርሙ ስለ አየሩ ግፊት ሲያስረዳ፣ ደበሳ ማርስን ረስቶት ጥላ ዛፍ ላይ ሙጭጭ አለ። «ዋዴሳ ሳይተከል ቡና? ጠራራ ላይ? እነዚህ ሰዎች ሳይንሱን ተዋቸው፣ ቡና አይተው ያውቃሉ?» ኢሉባቦር ውስጥ ቡና በጠራራ ፀሐይ ተክሎ የተመሰገነ ፊልም የለም።

ወደ ምርጫቸው ሲመጣ ግን ክርክር የለም። የትኛውን ፊልም የበለጠ ትወዳላችሁ ቢባሉ ሦስቱም በአንድ አፍ «አልወርድም» ይላሉ። ስሙ ይህ አይደለም፤ ትክክለኛ ስሙን የሚያውቀው ጉርሙ ብቻ ነው፤ እሱም አይጠራውም። ሦስቱም በልጅነታቸው እዚሁ መቱ፣ በዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ አውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ ከነበረው የጋሽ ሸጋው ቪዲዮ ቤት ያዩት ነው። የሚገርመውና ለብዙ ዓመት የጉርሙን እንቅልፍ የነሳው ነገር፣ ሦስቱ የሚወዱት ፊልም በዓለም ላይ አለመኖሩ ነው። የነበረው በጋሽ ሸጋው አፍ ብቻ ነው።

ጋሽ ሸጋው የጎሬ ልጅ ናቸው። አባታቸው ከሰሜን መጥተው ጎሬ አውራጃ ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ሆነው የኖሩ ሰው ነበሩ። ጋሽ ሸጋው እንግሊዝኛን ከሬዲዮና ከአንድ ጡረታ ከወጣ አስተማሪ ቃርመው፣ ሻሽቱ የምትባል የመቱ ልጅ አግብተው፣ ቴሌቪዥንና ድምፅ ማጉያ ገዝተው ቪዲዮ ቤት ከፈቱ። እትዬ ሻሽቱ በር ላይ ተቀምጠው ያስገባሉ። ጋሽ ሸጋው ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆመው፣ የፊልሙን ድምፅ ቀነስ አድርገው፣ ማይክሮፎኑን ከንፈራቸው ላይ ለጥፈው ይተረጉማሉ። ሁሉንም ሰው የሚጫወቱት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ሽማግሌውንም፣ ሴቲቱንም፣ ሮቦቱንም። አማርኛውም ኦሮምኛውም እንደ ልባቸው ነው። የሳቸው ጀግና በአማርኛ ይፎክራል፤ ሲቆስል በኦሮምኛ ያለቅሳል። ቤቱም አብሮት ያለቅሳል።

እንግሊዝኛቸው ግን እንደ ድምፃቸው አልነበረም። «ላይት» የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ ብርሃንም፣ ከባድ ያልሆነ ነገርም ይባልበታል። ጋሽ ሸጋው የሚያውቁት ሁለተኛውን ነበር። ስለዚህ የጠፈር ሰዎች አንዱ ኮከብ ከሌላው አራት የብርሃን ዓመት ይርቃል ባሉ ቁጥር፣ እሳቸው ረጋ ባለ ድምፅ «ከዚህ አራት ቀላል ዓመት ነው» ይላሉ። ሰውም ወደደው። አንዲት ልጅ ለሥራ ዓረብ አገር ስትሄድ «አይዞሽ፣ ሁለት ቀላል ዓመት ነው» ይሏታል። ወታደር ሲሸኝ፣ እስረኛ ሲጠየቅ፣ ቀላል ዓመት የከተማው መጽናኛ ሆነ። ጉርሙም ከዳሪሙ መቱ ድረስ መጥቶ፣ ቤት ተከራይቶ ተምሮ ዩኒቨርሲቲ ሲያልፍ፣ ደበሳ መናኸሪያ ድረስ ሻንጣውን ተሸክሞለት ያለው ይህንኑ ነው።

«አልወርድም» የሚሉት ፊልም እንዲህ ነው። አንድ መርከብ ከብዙ ጉዞ በኋላ አረንጓዴ ዓለም ታገኛለች። ሰዎቹ በትንሽ ጀልባ መውረድ አለባቸው፤ አንድ ሰው ግን ትልቋን መርከብ ይዞ እላይ ካልቀረ ሁሉም ያልቃሉ። ሽማግሌው አብራሪ «አልወርድም» ይላል። ከዚያ ብቻውን መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ አምስት ደቂቃ ይናገራል። ጋሽ ሸጋው በነዚያ አምስት ደቂቃዎች ሽማግሌውን ምድር ላይ ለተዋት ሴት ልጁ መልእክት ያስልኩት ነበር። ጉርሙ ከዚያ መልእክት በቃሉ የያዘው አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፤ «ልጄ፣ ይቺ ድምፄ አንቺ ጋ እስክትደርስ አራት ቀላል ዓመት ይፈጅባታል፤ እኔ እንደሆንኩ አልቸኩልም፣ አንቺ ግን ስትደርስሽ ቁጭ ብለሽ ስሚኝ።» ድምፅ እንዴት አራት ዓመት መንገድ ላይ ይቆያል ብሎ በማግስቱ የሳይንስ አስተማሪውን ጠየቀ። ከጥያቄ ወደ ጥያቄ ሄዶ ፊዚክስ ላይ ወደቀ።

ዩኒቨርሲቲ በገባ በሁለተኛው ወር መምህሩ የብርሃን ዓመት ምንድን ነው ብሎ ሲጠይቅ፣ ጉርሙ ከሁሉ ቀድሞ እጁን አወጣ። ጊዜ ነው አለ። ቀላል የሆነ ዓመት ነው፣ ከተራው ዓመት ያጥራል አለ። አዳራሹ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። እስኪመረቅ ድረስ «ቀላሉ» ተብሎ ተጠራ። በሦስተኛው ዓመት በአንድ ጓደኛው ኮምፒውተር ላይ ያንን ፊልም አገኘና እንግሊዝኛው ገብቶት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አየው። ከሳይንስ አንፃር እንከን የለውም። ጠፈሩ ጭር ያለ ነው፤ መርከቧ የምትዞረው በልኩ ነው። ሽማግሌው መስኮቱ አጠገብ ሲደርስ ግን ጉርሙ ጆሮውን ማመን አቃተው። «ሦስተኛው መዝጊያ ተዘግቷል። የአየር ግፊት ሰማንያ ሁለት። አራተኛው መዝጊያ ተዘግቷል።» አምስት ደቂቃ ሙሉ ይኸው ነው። ሴት ልጅ የሚባል ነገር በፊልሙ ውስጥ ጭራሽ የለም።

ሌላ ሰው ቢሆን ይስቅ ነበር። ጉርሙ ግን እንደተካደ ሰው ሆድ ባሰው፤ ሆድ የባሰው ወጣት ደግሞ ከነዲግሪው ወደ አገሩ ሲመለስ አያድርስ ነው።

በሁለት ሺህ ሁለት መቱ ተመድቦ መጣ። በመጣ በሦስተኛው እሑድ ቪዲዮ ቤት ገባ። ተማሪዎቹም ነበሩ፤ ደበሳም ነበር። ጋሽ ሸጋው አንድ አዲስ ፊልም እየተረጎሙ «ስድስት ቀላል ዓመት» አሉ። ጉርሙ ተነሳ።

«ጋሽ ሸጋው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ቀላል ዓመት የሚባል ነገር የለም። የብርሃን ዓመት ነው። እሱም ርቀት እንጂ ጊዜ አይደለም» አለ።

ሰው ሳቀ። ሳቁ ለጉርሙ ይሁን ለጋሽ ሸጋው አይታወቅም። እዚህ ላይ ቢቀመጥ ኖሮ ነገሩ በቀልድ ባለፈ ነበር። እሱ ግን ዓይኑን በጨው አጥቦ ቀጠለ። «አልወርድም አለ ያሉን ሽማግሌም ልጅ የለውም። ፊልሙን አይቼዋለሁ። ሲያወራ የነበረው የመዝጊያ ቁጥር ነው።»

ሰው ሁሉ ወደ ጋሽ ሸጋው ዞረ። በር ላይ የተቀመጡት እትዬ ሻሽቱ እንኳን ዞረው ወደ ውስጥ አዩ። ጋሽ ሸጋው ማይክሮፎኑን ከከንፈራቸው አላቀው፣ ያለ ምንም ቁጣ፣ «እንግዲህ አንተ ተምረህ መጥተሃል። ና፣ አንተ ንገረን» ብለው ሰጡት።

ያኔ «ኧረ አያድርገው ጋሼ» ብሎ እግራቸው ላይ መውደቅ ነበረበት። እሱ ግን ተቀበላቸው! ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆሞ የቀረውን ፊልም ቃል በቃል፣ ያለ ስህተት ተረጎመው። ሴቲቱም ሮቦቱም አንድ ዓይነት ድምፅ ነበራቸው፤ የፊዚክስ መምህር ድምፅ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሰው እየተነሳ ወጥቶ ቤቱ ባዶ ቀረ። ጋሽ ሸጋው የኋላ አግዳሚ ላይ እስከ መጨረሻው ተቀምጠው ሰሙት፤ ሲያልቅም «ጎበዝ» አሉት።

ከዚያ ቀን በኋላ ማይክሮፎን አልያዙም። በዓመቱ ቪዲዮ ቤቱ ተዘጋ። ዲሽ ነው የዘጋው ይላል ሰው፤ እውነት አለው፣ ያን ሰሞን በየጣሪያው ሳህን ይተከል ነበር። ጉርሙ ግን ራሱን በዲሽ ማጽናናት አልቻለም። ጋሽ ሸጋውን መንገድ ላይ ባገኛቸው ቁጥር «እንዴት ነህ አስተማሪ?» ይሉታል፤ እሱም «ደህና ነኝ ጋሼ» ይላቸዋል። ይቅርታውን ሳይጠይቅ መንገዱን ይቀጥላል። አንድ ምሽት ቤቱ ቁጭ ብሎ ሲያሰላ ደግሞ ሌላ ነገር ገባው፤ የሬዲዮ ድምፅ አራት የብርሃን ዓመት ለመጓዝ የሚፈጅበት ልክ አራት ዓመት ነው። ጋሽ ሸጋው በቃሉ ተሳስተው በፊዚክሱ ልክ ነበሩ። እሱ ያረማቸው ትክክል የነበሩበትን ነው። ይህንንም ሊነግራቸው አስቦ አልነገራቸውም።

የቅዳሜው ስብስብ ከተጀመረ ወዲህ የዚያ መልእክት ነገር በየሳምንቱ ይነሳል። ደበሳ የልጅቱ ስም ገሊላ ነው ይላል፤ ነፃነት ስም የላትም፣ «ልጄ» ብቻ ነበር የሚላት ትላለች። ነፃነት ስለ ሶር ፏፏቴ የሚል ነገር ነበረበት ትላለች፣ ሽማግሌው የውሃው ድምፅ ናፈቀኝ ብሎ ነበር፤ ጉርሙ ደግሞ ስለ ውሃ ምንም አላለም ይላል። መጨረሻው ላይ ያላትን ማንም አያስታውስም። እንባቸው እንጂ ቃሉ አልቀረላቸውም። በመጨረሻ ደበሳ መላ አመጣ። «ሰውዬው ከኛ አምስት መቶ ሜትር ርቀት ላይ ነው ያሉት። ፊልሙን ይዘን እንሂድና እንደ ድሮው ይተርጉሙልን፤ እኔ እቀዳዋለሁ። ከዚያ ለልጅ ልጅ ይቀራል።»

ለዚህ ጉርሙ መሄድ ነበረበት፤ ማይክሮፎኑን የወሰደው እሱ ነውና መልሶ የሚሰጠውም እሱ ነው። ከሁለቱ ይልቅ እሱ ያንን መልእክት መስማት ይፈልግ ነበር፤ ሕይወቱን የሰጠው ለሱ ነበርና። ግን ፈራ። ከፈተና በኋላ አለ። ፈተናው አለቀ፤ ዝናቡ ይቁም አለ። ዝናብ በማያባራበት መቱ፣ እስኪቆም የጠበቀ ሰው ምን እንደሚጠብቅ ይታወቃል። በዚህ መሐል ጋሽ ሸጋው ጎሬ ለቅሶ ደርሰው ሲመለሱ ሚኒባስ ውስጥ ስትሮክ መታቸው።

ከሆስፒታል ሲወጡ ቀኝ እጃቸው ሰንፏል፤ አንደበታቸውም ሄዷል። በጠቅላላ አልሄደም፤ አንድ ቃል ቀርቷል። ቤታቸው ውስጥ ካደጉበት ከአማርኛው ሳይሆን ከሚስታቸው ቋንቋ ነው የቀረው፤ «ሚቲ»። በኦሮምኛ «አይደለም» ማለት ነው። ውሃ ሲጠሙም ሚቲ ነው፤ ሲጠግቡም ሚቲ ነው፤ እንግዳ ሲመጣም፣ እግዜር ይስጥልኝ ለማለትም ሚቲ ነው። ነፃነት ስትነግረው ጉርሙ ክፍል ሊገባ ጠመኔ ይዞ ነበር፤ ጠመኔው እጁ ውስጥ ተሰበረ። ያን ቀን ምን እንዳስተማረ አያውቅም።

«ድሮ የለመዱት ነገር ሲመጣ ቃል የሚመለስላቸው አሉ ይባላል» አለች ነፃነት፣ «ዘፈን፣ ጸሎት፣ እንደዚያ ያለ። ተስፋ ላስይዛችሁ አይደለም። ግን እንሞክር።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሦስቱ በጎሬ መንገድ ዳገቱ ላይ ወዳለው ቤት ሄዱ። ደበሳ ቴሌቪዥን ተሸክሟል። ጉርሙ ፊልሙንና ከደበሳ ዕቃ መሐል የተገኘ ማይክሮፎን ይዟል። እትዬ ሻሽቱ «አካም ጅርቱ፣ እንዴት ናችሁ ልጆቼ» ብለው አስገቧቸው። ጋሽ ሸጋው ወንበር ላይ በትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ጉርሙን ሲያዩት ግራ እጃቸውን አነሱና «ሚቲ» አሉት።

«እንዴት ነህ አስተማሪ ነው የሚሉህ» አሉ እትዬ ሻሽቱ። «እኔ በድምፁ ነው የምለየው። ውሃ ሲሆን አጠር ያደርጉታል። ሲያማቸው ወደ ታች ነው። ሰው ሁሉ አንድ ቃል ይመስለዋል እንጂ እኔ እሰማቸዋለሁ።»

ጉርሙ ተንበርክኮ ይቅርታውን ተናገረው። አሥራ አራት ዓመት የዘገየ ይቅርታ ነው፤ ሲወጣ ግን ሁለት ዐረፍተ ነገር ብቻ ሆነ። ስለ ድምፁ ጉዞም ነገራቸው፤ አራት ዓመቱ ልክ ነበር አላቸው። ጋሽ ሸጋው ሰሙት፣ ወይም የሰሙት መሰለው። ፊታቸው ግማሹ ስለማይንቀሳቀስ የቀረው ግማሽ ምን እንደሚል ማንበብ አልቻለም።

ደበሳ ፊልሙን ሽማግሌው «አልወርድም» ከሚልበት ጀመረው። እንደ ድሮው ድምፁን ቀነስ አደረገው። ነፃነት ማይክሮፎኑን በግራ እጃቸው አስያዘቻቸው፤ እጃቸው ራሱ እያወቀ ወደ ከንፈራቸው ወሰደው። መቅጃው በራ። ሽማግሌው መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ።

«ሚቲ» አሉ ጋሽ ሸጋው። «ሚቲ ሚቲ፣ ሚቲ። ሚቲ ሚቲ ሚቲ...»

መልእክቱ ነበር። ጉርሙ ከሁለተኛዋ ትንፋሽ ጀምሮ አወቀው። ያው ዜማ፣ ያው ከፍታ፣ ሽማግሌው ልጁን ሲጠራ ድምፃቸው የሚለሰልስበት፣ «ቁጭ ብለሽ ስሚኝ» ላይ የሚያርፉበት ያው ዕረፍት ነበር። አምስት ደቂቃ ሙሉ አንድም ቦታ ሳይዘሉ፣ ከሽማግሌው ከንፈር ጋር ሳይዛነፉ ተናገሩት። ስለ ውሃ ይሁን ስለ ሌላ ነገር፣ ነፃነት የምትለው ቦታ ይሰማል፤ የልጅቱ ስም ያለበት ቦታ ይሰማል፤ ማንም የማያስታውሰው መጨረሻም መጣ፣ ድምፃቸው ተሰብሮ ዝቅ አለና አለቀ። ሁሉም ነገር ነበረ፤ ቃል ብቻ አልነበረም። ነፃነት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራለች። ደበሳ ያቺ የመቅጃ መብራት ላይ አፍጥጦ እንዴት እንደሚያጠፋት የጠፋው ይመስላል።

ጋሽ ሸጋው ማይክሮፎኑን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ወደ ጉርሙ ዞሩ። ላባቸው በግንባራቸው ይወርዳል። የሚጠብቁት ነገር ነበር።

«ልክ ነው ጋሼ» አለ ጉርሙ።  «ልክ እንደ ድሮው ነው። አንድም ቃል አልተሳሳቱም።»

ጋሽ ሸጋው ራሳቸውን ከትራሱ ቀና አደረጉ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ ጥርት አድርገው፣ «ሚቲ» አሉት።

ጉርሙ እንደዚህ ያለውን ሚቲ ገና አልሰማም ነበር፤ የውሃው አይደለም፣ የሕመሙም አይደለም፤ ራሱ «አይደለም» የሚለው ይመስላል። ወደ እትዬ ሻሽቱ ዞሮ «ምን አሉኝ?» አለ። እትዬ ሻሽቱ አቀርቅረው የነጠላቸውን ጥለት ያፍተለትላሉ። እንደገና ጠየቃቸው፤ አልተረጎሙለትም።